«ሦስተኛው ባህል» ምንድን ነው?

ስያሜውን ያወጡት አሜሪካዊቷ የሶሲዮሎጂ ምሁር ሩት ሂል ዩሲምና ባለቤታቸው ጆን ዩሲም ናቸው። ጥንዶቹ በ1950ዎቹ (ዘመኑ እዚህ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሕንድ ውስጥ የሚሠሩ አሜሪካውያንን ሲያጠኑ፣ እነዚህ ሰዎች የራሱ ወግና ልማድ ያለው ሌላ አኗኗር እንደ ፈጠሩ አስተዋሉ። የወላጆች አገር ባህል አንደኛው፣ የተቀባዩ አገር ሁለተኛው፣ ይህ በመካከል የበቀለው ደግሞ ሦስተኛው ሆነ፤ ወላጆቻቸውን ተከትለው በዚህ ኑሮ ውስጥ የሚያድጉትም «የሦስተኛው ባህል ልጆች» ተባሉ።

ብዙ ሰው ስያሜውን የሁለት ባህሎች ቅልቅል አድርጎ ይረዳዋል። በእኔ እምነት ይህ ዋናውን ነገር ይስታል፤ ስሕተቱም ከአገር አገር በሚዛወሩ የአሜሪካ ወታደሮች ልጆች ላይ ጎልቶ ይታያል። በ1946 በጀርመንና በጃፓን ለእነዚህ ልጆች ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ ወዲህ፣ አባቱ ወይም እናቱ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ የሚዛወሩበት ልጅ ከአንዱ ካምፕ ወደ ሌላው ሲሄድ አገሩ ይለወጣል እንጂ የሚማረው ትምህርት፣ የሚገበይበት ሱቅ፣ ማታ ባንዲራ ሲወርድ እግረኛውም መኪናውም ባለበት የሚቆምበት ሥርዓት አይለወጥም። ቤት የሚሰጠው በማዕረግ ስለሆነ የመኮንኑና የተራው ወታደር ልጆች በተለያየ ሰፈር ያድጋሉ። ስለዚህ ልጁ ቤቴ ብሎ የሚያውቀው ጀርመንን ወይም ጃፓንን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አሜሪካንም አይደለም፤ ካምፑን ነው። ጓደኝነትም እዚያ ፈጥኖ ይጠነክራል፤ ሁለቱም መለያየታቸው እንደማይቀር ያውቃሉና። ይህን ችኮላ ጥልቀት የሌለው ፍቅር አድርገው የሚቆጥሩትን ሰዎች አልቀበልም፤ ጊዜው አጭር መሆኑን እያወቁ መወዳጀት ድፍረት ይጠይቃል።

ለእኛ አንባቢዎች ቅርቡ ምሳሌ አስመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር ጣቢያ፣ ቃኘው ስቴሽን ነው። የአሜሪካ ጦር ወደ አስመራ የገባው በ1943 ሲሆን፣ የከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ለሬዲዮ ግንኙነትና የሌሎችን የሬዲዮ መልእክት ለመጥለፍ ተስማሚ ነበር። ጣቢያው ስሙን ያገኘው ኮሪያ ከዘመተው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ነው፤ ሻለቃው ደግሞ ከራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው። በዚያ ያደጉ የአሜሪካ ልጆች የራሳቸው ትምህርት ቤት፣ የራሳቸው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነበራቸው፤ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ትግርኛ፣ አማርኛና ጣሊያንኛ የሚሰማባት ከተማ ነበረች። በ1977 በደርግ ውሳኔ ጣቢያው ተዘጋ። አስመራ ዛሬም በስፍራዋ አለች፤ እነዚያ ልጆች ያደጉበት ኑሮ ግን ከጣቢያው ጋር አብሮ አብቅቷል።

በእኛ ዘንድ «አገርህ የት ነው?» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአባት ትውልድ ስፍራ ነው። ካምፕ ላደገ ልጅ ግን የአባቱ ትውልድ ስፍራ ለዕረፍት የሚጎበኙት የአያት ቤት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የወታደር ልጆች እርስ በርስ ሲገናኙ የሚጠያየቁት ሌላ ነገር ነው፦ የትኛው ካምፕ ነበርክ፣ በየትኛው ዓመት? በ1965 ቃኘው የነበረና በ1969 የነበረ ልጅ ያንኑ አጥርና ያንኑ ትምህርት ቤት ያስታውሳሉ፤ ነገር ግን ሁሉም በየጊዜው ስለሚዛወር፣ አንዱ የሚጠራውን የጎረቤት ስም ሌላው አያውቀውም።