ልጅ ከማጥመቃችን በፊት ወላጁን መጠየቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የወጣቶች አገልግሎት ውስጥ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። አንድ ነገር ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ከካምፕ ስንመለስ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣለች። ጠዋት ነው የተጠመቀችው። እርጥብ ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ እግሯ ሥር ደብቃዋለች። "እማዬ ካየችው ምን እላታለሁ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የወሰንነው እኛ ትልልቆቹ፣ ጣጣውን ይዛ ቤት የምትገባው ግን እሷ።

ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ አንድ በአንድ ልያቸው።

"ወላጆች ለካምፑ ፈርመዋል፤ ያ ይበቃል"

አይበቃም። ያ ወረቀት ስለ ጉዞ፣ ስለ ማደሪያ፣ ልጁ ቢታመም ሐኪም ቤት ስለ መውሰድ ነው። እናት "ውሃ ውስጥ መግባት ይችላል" ብላ ስትፈርም የምታስበው ዋና ነው። ጥምቀት ካለ ለብቻው፣ በግልጽ፣ ከጉዞው በፊት ይጠየቅ። ካልታሰበበት ደግሞ ልጁ ቤቱ ተመልሶ ከወላጆቹ ጋር ይነጋገርና ሌላ ቀን ይጠመቅ።

"ፊልጶስ ጃንደረባውን መንገድ ላይ አጥምቆት የለ?"

አዎ፣ የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ አለ። ግን ጃንደረባው የንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ሁሉ በእጁ የነበረ ሹም ነው። በሰረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን እያነበበ የሚጠይቅ፣ ለራሱ የሚወስን ሙሉ ሰው። የ13 ዓመት ልጅ እንደዚያ አይደለም። ምዕራፍ 16 ላይ ያለው የወኅኒ ጠባቂም በዚያው ሌሊት ተጠምቋል፤ ከቤተ ሰዎቹ ሁሉ ጋር ነው ግን፣ የቤቱ ራስ እዚያው እያለ። ልድያም ከነቤተ ሰዎቿ ነው የተጠመቀችው። ልጅን ከወላጁ ደብቆ ያጠመቀ ሐዋርያ ግን አላነበብኩም።

ደግሞም የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ሁልጊዜ አትቸኩልም ነበር። ዲዳኬ የሚባለው ጥንታዊ ጽሑፍ ተጠማቂው አስቀድሞ አንድ ወይም ሁለት ቀን እንዲጾም ያዛል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናትም ሰዎች ንዑሰ ክርስቲያን እየተባሉ ረጅም ጊዜ ይማሩ ነበር።

"ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ ይገባል"

ይገባል። ግን ይህን ያሉት ጴጥሮስና ሐዋርያት ናቸው፣ በስሙ እንዳያስተምሩ በከለከላቸው ሸንጎ ፊት። የተገረፉትም ራሳቸው ናቸው። እኛ ጥቅሱን ለልጅ ስናስይዘው ግን ግርፋቱ እኛ ጋ አይደርስም። ቁጣውን፣ ኩርፊያውን፣ አንዳንዴም ዱላውን የሚቀበለው ልጁ ነው። "አባትህንና እናትህን አክብር" ያለውስ ማን ሆነና?

"ሳይጠመቅ አንድ ነገር ቢሆንስ?"

ይህ ፍርሃት ከልብ ስለሚመጣ አላቃልለውም። ግን ምን ሊያስከትል እንደሚችል ታሪክ አይቷል። ጣልያን አገር ቦሎኛ ውስጥ ኤድጋርዶ ሞርታራ የሚባል የአይሁድ ቤተሰብ ሕፃን ታመመ። የቤት ሠራተኛቸው ይሞታል ብላ ፈርታ በድብቅ አጠመቀችው። ወሬው ከዓመታት በኋላ ሲሰማ፣ ከተማዋን ያስተዳድር የነበረው የሮማው ጳጳስ መንግሥት "የተጠመቀ ልጅ ክርስቲያን ባልሆነ ቤት አያድግም" ብሎ በ1858 (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወሰደው። ገና 6 ዓመቱ ነበር። ወላጆቹ ቢለምኑ፣ ዓለም ቢጮህ አልተመለሰም። ሠራተኛዋ ክፉ አላሰበችም፤ የሆነው ግን ይህ ነው።

ዛሬ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የ1983 ሕገ ቀኖና ሕፃን ለማጥመቅ ቢያንስ የአንዱ ወላጅ ወይም የአሳዳጊው ስምምነት ያስፈልጋል ይላል፤ ልዩነቱ ሕፃኑ ሊሞት ሲቃረብ ነው። የግል እምነቱን የመሰከረን ብቻ በምናጠምቅ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ሰው የሚድነው በእምነት ነው ብለን እናስተምራለን። ታዲያ ልጁን በሞት አስፈራርተን ወደ ውሃ ማጣደፍ ከምን የመጣ ነው?

"ቢደገም ምን ችግር አለው?"

ለብዙ ወላጆች ትልቅ ችግር ነው። ልጃቸውን በሕፃንነቱ አስጠምቀዋል፣ "ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት" (በአንዲት ጥምቀት እናምናለን) ብለው ይጸልያሉ። ሁለተኛው ጥምቀት የመጀመሪያውን እንደ መካድ ይሰማቸዋል። በ1525 ዙሪክ ላይ በእምነት ምስክርነት መጠመቅ የጀመሩት ሰዎች "ደጋሚ አጥማቂዎች" ተባሉ፤ እነሱ ግን የሕፃንነቱን ጥምቀት ስለማይቀበሉት ደገምን አላሉም። ክርክሩ ወደ 500 ዓመት ሆኖታል፤ በአንድ የካምፕ ቅዳሜና እሁድ ልጁ ጫንቃ ላይ አንጫነው።

"18 ካልሞላው ሕግ ይከለክላል"

እንደ አገሩ ነው። ጀርመን ውስጥ ከ1921 ጀምሮ 14 ዓመት የሞላው ልጅ ሃይማኖቱን ራሱ ይመርጣል። የ1989ኙ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም አንቀጽ 14 ላይ የልጁን የሃይማኖት ነፃነትም፣ እንደ ልጁ ብስለት የመምራት የወላጅን መብትም አብሮ ያስቀምጣል። ሕግ ፈቀደ ማለት ግን ወላጅን መደበቅ አለብን ማለት አይደለም።

"ወላጅ ከፈረመ አለቀ"

አባቱ የፈረመለትን አንድ ልጅ "ለምን መጠመቅ ፈለግህ?" አልኩት። "ሁሉም እየሄዱ ነዋ" አለኝ። የአባቱ ፊርማ የእሱን መልስ ሊተካ አይችልም። ቁጭ ብለን አወራን፤ በዚያ ዙር አልተጠመቀም።

"ብንጠይቃቸው እምቢ ይላሉ"

የዚያች የአውቶቡስ ልጅ እናት በማግስቱ ደወለች። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ልጄ ከውሃው ስትወጣ ፎጣ ይዤ ልቆም አይገባኝም ነበር?" አለችኝ። ጠይቀናት ብናውቅ ኖሮ።

እውነትም እምቢ የሚሉ አሉ። ያኔ ልጁ መማሩን፣ መጸለዩን፣ ኅብረት መምጣቱን ይቀጥል፤ እኛም ከወላጆቹ ጋር መነጋገሩን አንተው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ልጁ "ከጠየቃችኋቸው ይመቱኛል" ካለ ስልክ አናንሳ። መጀመሪያ በቤተ ክርስቲያኑ የልጆች ደኅንነት ኃላፊ የሆነውን ሰው እናማክር፤ የጥምቀቱ ቀን በኋላ ይደርሳል።