የዓለም አቀፍ ጎልፍ ቡድኖች አመራረጥ፦ ገናን ለሚያውቅ የጎጃም አንባቢ

ጎልፍ በመሠረቱ የብቸኛ ሰው ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ከሜዳውና ከራሱ ጋር ይታገላል፤ ሲያሸንፍም ሽልማቱን ብቻውን ይወስዳል። በጥቂት ውድድሮች ላይ ግን እነዚሁ ብቸኞች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ለአንድ ወገን ይሰለፋሉ። ማን እንደሚሰለፍና ማን እንደሚቀር የሚወስነው ሥርዓት ከውድድር ውድድር ይለያያል፤ አንዱ ጋ ነጥብ፣ ሌላው ጋ ኮሚቴ፣ ሌላው ጋ ደግሞ የአምበሉ ፈቃድ ይወስናል። ስለ ጉዳዩ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ስላጣሁ ያለኝን እዚህ አሰባስቤአለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለማጠናቀር ያነሳሳኝ አሜሪካና አውሮፓ የሚጋጠሙበት የ2025ቱ የራይደር ዋንጫ ነው። የውድድሩ ሁለተኛ ቀን ከመስቀል በዓል ጋር ስለገጠመ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በዓሉን ለማሳለፍ የተሰበሰብን ሰዎች ቴሌቪዥን ከፍተን ስናይ፣ አንድ አጎቴ «ይህ እኮ ገና ነው፤ ሩጫው ብቻ ቀርቶበት» አሉ። ቀጥለውም «ሚናውን የለየላቸው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነበር።

በእኛ አካባቢ የገና ልጆች ቡድን የሚከፍሉት፣ እኔ እንዳደግሁበት ከሆነ፣ እንዲህ ነው። እህሉ ተሰብስቦ ማሳው ገላጣ ሲሆን ሁለት አውራዎች ይቆማሉ። ሌሎቹ አቻ ለአቻ ይጣመራሉ፤ ፈጣኑ ከፈጣን፣ ጉልበተኛው ከጉልበተኛ ጋር። ጥንዱ ፈንጠር ብሎ በሹክሹክታ ስም ያወጣል፤ አንዱ «ጮቄ» ይሆናል፣ ሌላው «ዓባይ»። ከዚያ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይመጡና «ጮቄና ዓባይ፣ ማንን ትወስዳለህ?» ይላሉ። አውራው ስሙን ይመርጣል እንጂ ልጁን አይመርጥም፤ ያልተመረጠው ለተቃራኒው ወገን ይሆናል። ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ የተረፈው ልጅ ለደከመው ወገን ይጨመራል። ከሜዳ የሚባረር የለም። አድልዎን እንዲህ ከሥሩ የሚቆርጥ ዘዴ በጎልፍ ታሪክ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። እርግጥ እኛ አንድን መንደር ለሁለት ስንከፍል ጎልፈኞቹ ግን ወገናቸው በውቅያኖስ የተለየ ነው። የእነርሱ ምርጫ መከፋፈል ሳይሆን መተው ነው፤ ታሪኩም በአብዛኛው የተተዉ ሰዎች ታሪክ ነው።

የራይደር ዋንጫ

ዋንጫው ስሙን ያገኘው በእንግሊዝ የሴንት ኦልባንስ ከተማ የአትክልት ዘር ነጋዴ ከነበረው ከሳሙኤል ራይደር ነው። የመጀመሪያው ግጥሚያ በ1927 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በዉስተር ተካሄደ። ተጋጣሚዎቹ አሜሪካና ብሪታንያ ነበሩ፤ ከ1979 ጀምሮ ግን የአሜሪካ ተጋጣሚ መላው አውሮፓ ሆነ። ዛሬ እያንዳንዱ ወገን 12 ተጫዋቾች ያሰልፋል። በሦስት ቀን 28 ግጥሚያዎች ይደረጋሉ፦ አርብና ቅዳሜ 16 የጥንድ፣ እሑድ 12 የአንድ ለአንድ። ከጥንዶቹ ግጥሚያዎች ግማሹ ሁለት ሰዎች አንዲትን ኳስ እየተፈራረቁ የሚመቱበት ነው። የምርጫው ራስ ምታት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብቻውን ሲጫወት አንደኛ የሆነ ሰው፣ ጓደኛው ሣር ውስጥ የጣላትን ኳስ ተከትሎ መምታት ሲኖርበት አንደኛ ላይሆን ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መራጮቹ የባለሙያ ተጫዋቾች ማኅበራት ኮሚቴዎች ነበሩ። ለብሪታንያ ለመሰለፍ እዚያ መወለድ ብቻ ሳይሆን መኖርም ግዴታ ነበር። በዚህ ደንብ ምክንያት በ1931 በጀርመን ይሠራ የነበረው ፐርሲ አሊስና በፈረንሳይ ይሠራ የነበረው ኦብሪ ቡመር ቀሩ። በዚያው ዓመት ሄንሪ ኮተንም ቀረ፤ የእርሱ ምክንያት ግን ሌላ ነው፦ ከውድድሩ በኋላ ከቡድኑ ጋር አብሬ አልመለስም በማለቱ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ሦስት አሥርታት አሜሪካ ብዙውን ጊዜ ስላሸነፈች የአመራረጡ ጉዳይ ብዙም ክርክር አላስነሳም።

ክርክሩ የመጣው ከአውሮፓ መቀላቀል ጋር ነው። ከ1979 ጀምሮ ከነጥብ ዝርዝሩ (ተጫዋቾች በውድድር ውጤታቸው ደረጃ ከሚይዙበት መዝገብ) ውጭ ጥቂት ተጫዋቾችን መጋበዝ ተፈቀደ። በ1981 የስፔኑ ሴቬ ባሌስቴሮስ፣ በዘመኑ የአውሮፓ ታላቅ ተጫዋች፣ ለውድድር መገኛ በሚከፈል ገንዘብ ጉዳይ ከአውሮፓ ማኅበር ጋር ስለተጣላ ተተወ። ቶኒ ጃክሊንም በዚያው ዓመት አልተመረጠም። አውሮፓ ዎልተን ሂዝ ላይ 18.5 ለ9.5 ተሸነፈች። ቀጥሎ አምበል እንዲሆን የተጠየቀው ያው የተተወው ጃክሊን ነበር፤ እርሱም ሌላውን የተተወ፣ ባሌስቴሮስን፣ አግባብቶ መለሰው። በ1983 በአንድ ነጥብ ልዩነት ተሸነፉ፤ በ1985 ቤልፍሪ ላይ 16.5 ለ11.5 አሸነፉ፤ በ1987 ደግሞ በአሜሪካ ምድር 15 ለ13 ረቱ። ድሉን በሙሉ ለአመራረጡ መስጠት ይከብዳል፤ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ተመልሰው ነገሩን ማቃናታቸው ግን ለጎጃም ሽማግሌ እንግዳ አይሆንም።

አሜሪካ የአምበል ምርጫን የተቀበለችው በ1989 ሲሆን አምበሉ የሚመርጠው ሁለት ሰው ብቻ ነበር። በ2008 አምበሉ ፖል ኤዚንገር ቁጥሩ ወደ አራት ከፍ እንዲል አደረገ። ተጫዋቾቹን እንደ ጠባያቸው በአራት በአራት ከፍሎ ቡድኖቹ ራሳቸው በምርጫው እንዲሳተፉ ፈቀደ፤ ቫልሃላ ላይም 16.5 ለ11.5 አሸነፈ። በ2014 በስኮትላንድ ከደረሰው ሽንፈት በኋላ አሜሪካኖች ጉዳዩን የሚያጠና ግብረ ኃይል አቋቋሙ። ከ2021ዱ ግጥሚያ ጀምሮ ስድስቱ በነጥብ፣ ስድስቱ በአምበሉ ይመረጣሉ። በዚያ ዓመት የስቲቭ ስትሪከር ቡድን 19 ለ9 አሸንፏል። አውሮፓም ዛሬ ስድስት በስድስት ትከፍላለች፤ እስከ 2023 ነጥብ የምትቆጥረው ከሁለት ዝርዝር ነበር፣ ለ2025 ግን አንድ ዝርዝር ብቻ ተጠቀመች።

የአምበሉ ሥልጣን እንዲህ ሲሰፋ ወዳጁን ይመርጣል የሚል ሐሜት መከተሉ አይቀርም። ይህ ሐሜት በአንዳንዱ ዘመን እውነት ሊኖረው ይችላል፣ በአንዳንዱም ላይኖረው። የ1999ኙ ግን ሐሜት አይደለም፣ ስሕተት ነው። የአውሮፓው አምበል ማርክ ጄምስ ልምድ ያለውን በርንሃርድ ላንገርን ትቶ አንድሩ ኮልታርትን መረጠ፤ የመረጠውን ሰው ደግሞ እስከ እሑድ ድረስ አንድም ጊዜ አላሰለፈውም። ሌሎች ሁለት አዲሶችም እንዲሁ ተቀምጠው ዋሉ። አውሮፓ ቅዳሜ ማታ 10 ለ6 ትመራ ነበር፤ እሑድ 14.5 ለ13.5 ተሸነፈች። መርጠህ ካላሰለፍከው ምን ልትሠራበት መረጥከው?

በተቃራኒው የአውሮፓው አምበል ሉክ ዶናልድ በ2023 ባለሙያ ከሆነ ጥቂት ወራት ብቻ የሆነውን፣ ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች በአንዱም ገና ያልተጫወተውን ስዊድናዊ ሉድቪግ ኦበርግን መርጦ ሮም ላይ 16.5 ለ11.5 አሸነፈ። ነጥብ ብቻ ቢቆጠር ኖሮ ያ ወጣት ቤቱ ይቀር ነበር። በዚያው ዓመት ከአሜሪካ ወገን የተተወው ኪገን ብራድሊ በ2024 አምበል ሆኖ ተሾመ። በ2025ቱ የነጥብ ዝርዝር 11ኛ ስለወጣ ራሱን ሊመርጥ ይችላል ተብሎ ብዙ ተወራ፤ ከ1963ቱ ከአርኖልድ ፓልመር ወዲህ እየመራ የተጫወተ አምበል የለምና። ብራድሊ ግን ራሱንም ተወ። አውሮፓ ቤዝፔጅ ላይ 15 ለ13 አሸነፈች።

ሌሎች ውድድሮች

ከ1994 ጀምሮ የሚካሄደው የፕሬዚዳንትስ ዋንጫ አሜሪካን ከአውሮፓ ውጭ ካለው ዓለም ጋር ያጋጥማል። ለአፍሪካዊ በሩ ያለው እዚህ ነው፤ አንድ ኢትዮጵያዊ ለዚህ ደረጃ ቢበቃ የሚሰለፈው በዚህ ወገን ነው። አምበሎቹም ከአፍሪካ ተነሥተዋል፦ ከደቡብ አፍሪካ ጋሪ ፕሌየርና ኤርኒ ኤልስ፣ ከዚምባብዌ ኒክ ፕራይስ። በ2003 ደቡብ አፍሪካ ላይ የተደረገው ግጥሚያ 17 ለ17 በአቻ ተጠናቋል። ምርጫው እዚህም ስድስት በነጥብ፣ ስድስት በአምበል ነው።

የሴቶቹ የሶልሃይም ዋንጫ በ1990 ተጀመረ፤ ነጥብን፣ የዓለም ደረጃንና የአምበል ምርጫን ያቀላቅላል። ለገንዘብ የማይጫወቱት የዎከር ዋንጫ ወንዶችና የከርቲስ ዋንጫ ሴቶች በአብዛኛው በኮሚቴ ይመረጣሉ። በ1958 ሴንት አንድሩስ ላይ በተጀመረው የአይዘንሃወር ዋንጫ ደግሞ እያንዳንዱ አገር በፌዴሬሽኑ በኩል ሦስት ተጫዋቾች ይልካል። በኦሊምፒክ 60 ወንዶችና 60 ሴቶች በዓለም ደረጃ ይገባሉ፤ ከአንድ አገር ከሁለት አይበልጡም፣ በመጀመሪያዎቹ 15 ደረጃዎች ውስጥ ላሉት ግን እስከ አራት ይፈቀዳል።

ፖስታው

በራይደር ዋንጫ ከምርጫው በኋላም አንድ ምርጫ ይቀራል። ከእሑዱ ግጥሚያ በፊት እያንዳንዱ አምበል አንድ ስም ጽፎ በታሸገ ፖስታ ያስቀምጣል። ከተቃራኒው ወገን አንድ ሰው ቢታመም፣ ስሙ በፖስታ ውስጥ ያለው ተጫዋችም ይቀመጣል፤ ሁለቱ ወገኖች ግማሽ ግማሽ ነጥብ ይካፈላሉ። በ2025 የአውሮፓው የቪክቶር ሆቭላንድ አንገት ሲታመም የተከፈተው ፖስታ የአሜሪካውን የሃሪስ ኢንግሊሽን ስም ይዞ ተገኘ።

በ1993 ደግሞ የአውሮፓው ሳም ቶራንስ የእግር ጣቱ አመርቅዞ መጫወት አቃተው። የአሜሪካው አምበል ቶም ዋትሰን በፖስታው ውስጥ ማንን እንደሚጽፍ ተጨንቆ ሳለ ላኒ ዋድኪንስ ቀርቦ የእኔን ስም ጻፍ አለው። ዋድኪንስ ቡድኑ ውስጥ የገባው በነጥብ ሳይሆን በአምበሉ ምርጫ ነበርና በነጥቡ የመጣ ሰው በእርሱ ፈንታ እንዲቀመጥ አልፈለገም። ያን እሑድ ክለቡን ሳያነሣ ዋለ፤ አሜሪካ 15 ለ13 አሸነፈች።