ያቺ ቢጫ መብራት፦ ስለ አሮጌ አውቶማቲክ መኪኖች የምንሳሳታቸው

ባለፈው ሳምንት ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስንወጣ የጓደኛዬ አሮጌ ቶዮታ ሰርፍ ደንገጎ ዳገት ላይ አስቸገረችን። አራተኛ ትገባለች፣ ትደክማለች፣ ሦስተኛ ትመለሳለች፣ ደግሞ አራተኛ። «ኦቨርድራይቩን፣ አራተኛዋን ማርሽ ማለቴ ነው፣ አጥፋው» አልኩት። «አቦ ተወኝ፣ ጠፍቷል እኮ! መብራቱ በርቷል እንዴ?» አለኝ።

ስህተቱ እዚህ ይጀምራል።

«መብራቱ ካልበራ ኦቨርድራይቩ ጠፍቷል።» ተገላቢጦሽ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚለው መብራት የሚበራው ኦቨርድራይቭ ሲዘጋ ነው። ካልበራ አራተኛ ማርሽ ክፍት ነው ማለት ነው። ኤሌክትሮኒክ በሆኑት ቶዮታዎች ላይ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ብልሽት አለ፤ ጋራዥ ይሂዱ።

«ኦቨርድራይቭ ጉልበት ይጨምራል።» ስሙ ነው ያሳሳተን። ሥራው ሞተሩን ማሳረፍ ነው። ሦስተኛ አንድ ለአንድ ነው፦ ሞተሩ አንዴ ሲዞር የካምቢዮው መውጫም አንዴ ይዞራል። በሦስተኛ በደቂቃ 3,000 ዙር የሚዞር ሞተር፣ አራተኛው 0.70 ከሆነ (ለአንድ የመውጫ ዙር 0.70 የሞተር ዙር ማለት ነው)፣ በዚያው ፍጥነት 2,100 ይበቃዋል። ለሜዳ መንገድ ግሩም ነው፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ግን ይቀንሳል። ዳገት ላይ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

«ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ሁሉ ያው ነው።» ኧረ አይደለም! እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የጄኔራል ሞተርስ ካምቢዮ፣ 700አር4፣ አንደኛ ማርሹ 3.06 ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ስለሚጨምር ጭነት ይዞ ለመነሳት ጎበዝ ነው። ሁለተኛው ግን 1.63 ስለሆነ ሲቀይር ክፍተቱ ይሰማል። በ1980 የመጣው የፎርድ ኤኦዲ በ2.40 ይነሳል፣ ትንሽ ሰነፍ ነው። አራተኛው 0.67 ስለሆነ ግን ሜዳ ላይ ጸጥ ይላል። የቶዮታው ኤ340 በ2.80 መሃል ላይ ቁጭ ብሏል። ለእኛ አገር ዳገት ምረጥ ብትሉኝ ቶዮታውን እይዛለሁ፤ መለዋወጫውም አለ።

«ወደ ካምቢዮ የምትሄደው ገመድ ብትላላም ችግር የለውም።» ይሄኛው ገንዘብ ያስወጣል። 700አር4 ላይ ከነዳጅ መስጫው የምትመጣው ገመድ የካምቢዮውን የዘይት ግፊት የምትወስን ናት። ከላላች ግፊቱ ይወርዳል፣ ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች ይንሸራተታሉ፣ ይቃጠላሉ። እዚሁ ድሬ አንድ ጋራዥ ውስጥ ካርቡሬተር ከተቀየረ በኋላ ገመዷ በሽቦ ታስራ አይቻለሁ። ዘይቱን በጣቴ ነካሁት፤ ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ይሸታል። «ይሄ ዘይት ዕድሜ ልኩን አይቀየርም» የሚሉም አሉ። እነሱም ያሽትቱት።

«ቁልቁለት ላይ ማርሹን ኤን (ነጻ) ማድረግ ነዳጅ ይቆጥባል።» ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለችው ድሬ ስትወርዱ ይሄንን እንዳትሞክሩት። ሞተሩ መኪናዋን መያዝ ያቆማል፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ጠመዝማዛው ላይ የፍሬን ሸራ ሽታ ማን ያልሸተተው አለ? ኦቨርድራይቩን ዝጉ። ካልበቃ ሁለተኛ ላይ አድርጉ።

ጓደኛዬ እያጉረመረመ የኦቨርድራይቩን ቁልፍ ተጫናት። ቢጫዋ በራች፣ ሰርፏም ሦስተኛ ላይ ረግታ ዳገቱን ጨረሰች። ሐረማያ ሜዳው ላይ ስንደርስ፣ ምንም ሳልለው፣ መልሶ ተጫናት።