ጅቡቲ መንገድ ዳር የሚጻፍ ፖሊሲ ፔፐር

ፖሊሲ ፔፐር ከተለመደው የክፍል ሥራ የሚለየው በአንባቢው ነው። ተርም ፔፐር ለመምህሩ ይጻፋል። ፖሊሲ ፔፐር ግን፣ ለልምምድም ቢሆን፣ ለሚወስን ሰው ነው፤ ለሚኒስትር፣ ለአምባሳደር፣ ለጉምሩክ ኃላፊ። ያ ሰው ጊዜ የለውም። ስለዚህ ዋናው መልስ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይቀመጣል። ችግሩ፣ አማራጮቹ፣ የእያንዳንዱ ጥቅምና ጉዳት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

በዓለም አቀፍ ጉዳይ ላይ ይህን የሚጽፉት በብዛት የፖለቲካ ሳይንስና የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪዎች ናቸው። ሌላውም ጨርሶ አያመልጥም። "ግሎባል ትሬንድስ" የሚባለውን ኮርስ ኢንጂነሪንግ ሊገባ ያሰበ ፍሬሽማን እንኳ ይወስደዋል።

ድሬዳዋ ላይ ነገሩ ለየት ይላል። ከተማዋ ራሷ የውጭ ግንኙነት ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ድሬም በሐዲዱ ዙሪያ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ ባቡር እስኪገባላት 15 ዓመት ጠብቃለች። ዛሬም የጅቡቲ ጭነት በዚሁ አቅጣጫ ይመጣል። ከ2016 ጀምሮ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር አለ፣ በ2022 ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጠናው ተከፍቷል። ስለዚህ ስለ ወደብ የሚጽፍ የድሬ ተማሪ ማስረጃው ደጁ ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ማናገር ይችላል። ቀፊራ ገበያ ወርዶ ዕቃው በየት በኩል እንደገባ መጠየቅም ይችላል፤ ኮንትሮባንድ የሚለውን ቃል ካላስቀደመ።

የወደብ ጉዳይ ቀላል ይመስላል፤ ሲገቡበት ግን ያደናቅፋል። ኢትዮጵያ ኤርትራ ነፃ ከወጣችበት ከ1993 ወዲህ የባሕር በር የላትም። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የውጭ ንግዷ በጅቡቲ ያልፋል። ተማሪው የሶማሌላንዱን በርበራ፣ የኬንያውን ላሙ፣ የጅቡቲውን ታጁራ ይደረድርና ያወዳድራል። ወጥመዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። በ2018 ኢትዮጵያ የበርበራ ወደብን 19 በመቶ ድርሻ እንደምትይዝ ተነግሮ ነበር፤ በ2022 ድርሻውን ማጣቷ ተሰማ። የድሮ ጽሑፍ የገለበጠ ሰው አሁንም "19 በመቶ አለን" ብሎ ይጽፋል። ጥር 2024 ስለ ባሕር በር ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድም እንዲሁ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በቱርክ አደራዳሪነት ከሶማሊያ ጋር የወጣውን የአንካራ መግለጫ ያላየ ወረቀት ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ዓባይ ላይ የሚጽፉትም ከዚህ አያመልጡም፤ ግድቡ መስከረም 2025 ተመርቆ ሳለ ስለ ውኃ አሞላል የሚከራከር አለ።

ሌላው በሽታ "መንግሥት ትኩረት ሊሰጠው ይገባል" የሚለው ነው። ተማሪ ሳለሁ ይህችን ዓረፍተ ነገር ምክረ ሐሳብ ብዬ አስገባኋት። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ከበባትና ከጎኗ ሦስት ጥያቄ ጻፈ፦ "ማን? መቼ? በማን ብር?" የዚያን ቀን ተናድጄ ነበር። ብሩን ማን እንደሚከፍል ግን እውነትም አላሰብኩትም።

የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ክርክሩ ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይካሄዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ በረድ ስትል ሻይ እየተጠጣ። ግሩፕ ወርክ ከሆነ አንዱ ይጽፋል፣ ሁለቱ ያርማሉ፣ የቀረው ስሙ ሽፋኑ ላይ እንዲገባ ይደውላል። በእንግሊዝኛ ጥሩ የሚመስል አንቀጽ እዚያ ሻይ ቤት ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይፈርሳል። አንዱ "እሺ፣ በአጭሩ ምን እያልክ ነው?" ይላል። ጸሐፊው ዝም ካለ፣ ላፕቶፑ እንደገና ይከፈታል።

ከገባ በኋላ የአብዛኛው ወረቀት ማረፊያ የመምህሩ መደርደሪያ ነው። የተሻለው የመመረቂያ ጽሑፍ መነሻ ይሆናል። ሚኒስትር ጠረጴዛ የሚደርሰው እምብዛም ነው፤ የጅቡቲውን መንገድ በየሳምንቱ የሚመላለስበት ሾፌር ግን ስለ ወረቀቱ ሲነገረው ደስ ይለዋል፣ ቁጥሩንም ያርማል።