የአገር በቀል እንጨት የቤት ዕቃ ሥራ በደሴና በኮምቦልቻ

የአገር በቀል እንጨት ሥራ በደሴና በኮምቦልቻ ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ወይራን በመጋዝ፣ በመላጊያና በመሮ እየገሩ ዕቃ የማውጣት ሙያ ነው። ሠሪው አናጺ ይባላል። ግድግዳ የሚማግረውም ቁምሳጥን የሚገጥመውም በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ ይሁን እንጂ የአንደኛው ስሕተት በጭቃ ይሸፈናል፣ የሁለተኛው ግን መሳቢያው በተሳበ ቁጥር ይታወቃል።

ከሁሉ የሚፈለገው ዋንዛ ነው። ውስጡ ቡናማ፣ ለመላጊያ የማያስቸግር፣ ምስጥ የማይደፍረው ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጩ ክፍል ግን የነቀዝ ምግብ ስለሆነ ጠንቃቃ ሠሪ ቆርጦ ይጥለዋል። ቀለም ቀብቶ የሚያስገባውም አለ፤ ሰንብቶ ከአልጋው ሥር የሚገኘው ደቃቅ ዱቄት ይህን ያጋልጣል። ጥድ ቀላ ያለና መልካም ሽታ ያለው ነው፤ ሳይበሱ ሚስማር ቢመቱበት ይሰነጠቃል። ዝግባ ፈካ ያለ ቢጫና ለሥራ የሚመች ቢሆንም ምስጥ አይቋቋምም። ወይራ የመጋዝ ጥርስ የሚያደነዝዝ ጠንካራ እንጨት ስለሆነ ለሙቀጫና ለእጀታ ይመረጣል።

ሙያው በሳሎን ዕቃ አይወሰንም። የቤተ ክርስቲያን አትሮንስ፣ የከበሮ ግንድ፣ የቁርኣን ተማሪ የሚጽፍበት ሉህ፣ የቡና ረከቦት፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ በርጩማ ሁሉም የእንጨት ሠሪ እጅ ሥራ ናቸው።

የሥራው ግማሽ ማድረቅ ነው። ጣውላው በጥላ ሥር ይደረደራል፤ አየር እንዲገባም በየመካከሉ ቀጭን እንጨት ይገባበታል። እንጨት ሲደርቅ የሚጠበው በወርዱ ነው፤ ርዝመቱ ብዙም አይለወጥም። ይህ በእነዚህ ሁለት ከተሞች ተራ ነገር አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ከ25 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። በደሴ የክረምት ጉም የተገጣጠመ ሰፊ ጠረጴዛ በበጋ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ቢወርድ መጥበቡ አይቀርም። ገጹ ከእግሮቹ ማቀፊያ ጋር በሚስማር ከታሰረ መሐሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የሚያውቅ ሠሪ ብሎኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሞላላ አድርጎ ይበሳዋል፤ እንጨቱ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያገኛል። ጠረጴዛ የሚገዛ ሰው ከቫርኒሹ ይልቅ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ቢያይ ይሻለዋል። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ወፍራም ቫርኒሽ ለእኔ ዋንዛን ማልበስ ሳይሆን መቅበር ነው።

የእንጨቱ ምንጭ ጠቧል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ከኮምቦልቻ በላይ እንደሚታየው እንደ የጎፍ ካሉ ደኖች ውጭ አገር በቀል ዛፍ የቀረው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዐፀድ፣ በመቃብር ስፍራና ገበሬ ሲያርስ እያለፈ በተወው የማሳ ዋንዛ ነው። በዙሪያው የሞላው ባሕር ዛፍ ለአጥርና ለማገር እንጂ ለመሳቢያ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይጣመማል። ከእንጨት ፍርፋሪ ተጣብቆ የሚሠራው ቺፑድ ደግሞ ርካሽና ቀጥ ያለ ነው፤ ውኃ እስኪነካው ድረስ።

ስለዚህ ከፈረሰ ቤት የሚወጣ የዋንዛ በር ወይም የጥድ ምሰሶ ትልቅ ሲሳይ ነው። ለዓመታት የደረቀ ስለሆነ ከእንግዲህ ብዙም አይጠብም። ሠሪው ሚስማሩን አንድ በአንድ ነቅሎ ይላገዋል፤ ከግራጫው ገጽ ሥር ቡናማው ብቅ ሲል ቀለሙን ለማየት በእርጥብ አውራ ጣቱ ያብሰዋል። የሚስማሩን ቀዳዳ ከዚያው እንጨት በጠረበው ችካል ደፍኖ፣ የችካሉን መስመር ከገጹ መስመር ጋር አስተካክሎ ይቆርጠዋል።