ቁልፍ ማስረከብ ከውል አያስወጣም

ፒያሳ፣ አራት ኪሎ ወይም ካዛንችስ ሱቅ ተከራይቶ ለሌላ ሰው ያስተላለፈ ሁሉ ቢሮዬ ሲመጣ የሚናገረው አንድ ዓይነት ነው። መመለሱ ስለሰለቸኝ ልጻፈው።

«አዲሱ የኪራይ አዋጅ ይጠብቀኛል።» አይጠብቅህም። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የወጣው ለመኖሪያ ቤት ነው፤ ርእሱ ላይ ተጽፏል።

«ተከራይ መልሶ ማከራየት በሕግ ክልክል ነው።» የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራዩን እስካልጎዳ ድረስ ይፈቅዳል። የሚከለክለው አብዛኛውን ጊዜ ራስህ የፈረምከው ውል ነውና መጀመሪያ እሱን አንብብ። የቀበሌ ወይም የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ቤት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ ቤቱን ያስነጥቃል።

«ውልና ማስረጃ ሄደን ተፈራርመናል።» እዚያ የተረጋገጠው አንተና ተረካቢው መፈራረማችሁ ብቻ ነው። አከራዩ ያልፈረመበት ወረቀት አከራዩን አያስገድድም።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ይሄኛው ነው፦ «አስተላልፌያለሁ፣ ቁልፍ አስረክቤያለሁ፣ ከዚህ ወዲያ እኔን አይመለከተኝም።»

ማን አለህ? ሕጉ መብትን ማስተላለፍና ዕዳን ማስተላለፍን ለያይቶ ነው የሚያየው። ዕዳህን ሌላ ሰው ቢረከብልህም ባለገንዘቡ በግልጽ እስካላሰናበተህ ድረስ ከተጠያቂነት አልወጣህም። በኪራይ ውል ባለገንዘቡ አከራይህ ነው።

ቸርችል ጎዳና አጠገብ ማተሚያ ቤት የነበራቸው አንድ ደንበኛዬ ሥራውን ከነማሽኑ ሸጡ። ገዢው ጥቂት ወር ኪራዩን በአከራዩ ሒሳብ ሲያስገባ ቆየና ደብዛው ጠፋ። መጥሪያው የደረሰው ለእሳቸው ነው። «አከራዩ እኮ ከሱ ሲቀበል ነበር!» ይሉኛል ደጋግመው። ቢቀበልስ? ገንዘቡን ማንም ይዞለት ይምጣ፣ መቀበል ማሰናበት አይደለም። ልደታ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ከርመው ውዝፉን ከፈሉ። በእጃቸው ያልነበረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ነባሩን ተከራይ ከዚህ ቀን ጀምሮ ከውሉ ግዴታዎች ሁሉ አሰናብቻለሁ»፣ ከሥሩ የአከራዩ ፊርማ።

ስለዚህ አከራዩ፣ የሚወጣው ተከራይና የሚገባው ተከራይ ሆናችሁ ለሦስት ተፈራረሙ። ኪራዩ እስከ የትኛው ቀን እንደተከፈለ ይጻፍ። ለአከራዩ በቅድሚያ የተከፈለው ገንዘብ ለማን እንደሚታሰብ ይጻፍ፤ አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው። የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብም በርክክቡ ዕለት መዝግቡ። ቤቱን ልታስተላልፍ ሳይሆን ራስህ በውሉ ቆይተህ ልታከራይ ከሆነ ደግሞ፣ ካንተ የተከራየው ባይከፍልም ያንተ ኪራይ እንደሚቆጥር አስቀድመህ አስላ።

አከራዩ «አልፈቅድም» ሲል ምቀኛ ነው የሚሉም አሉ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት መልሶ የሚያከራይ ተከራይ በሚቀበለውና በሚከፍለው ኪራይ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ወጪው ተቀንሶለት ግብር ይከፍላል። እሱ ካልከፈለ የሚጠየቀው የፈቀደለት የቤቱ ባለቤት ነው። እኔ አከራይ ብሆን እኔም አልፈቅድም ነበር። ፈቃድ ስትጠይቅ ግብሩን ለመክፈልህ ማስረጃ እንደምታቀርብ በጽሑፍ ግባለት፤ ያኔ ቢያንስ ቁጭ ብሎ ያነጋግርሃል።

«ንግድ ፈቃዴንም አብሬ እሰጠዋለሁ» የምትለውስ? ፈቃዱ የወጣው በስምህ ነው፤ ሌላ ሰው አይሠራበትም። ተረካቢው የራሱን ያውጣ።