ራድ51 አንቲቦዲ ምንድን ነው?

ዲኤንኤያችን በየቀኑ ይጎዳል። ከጉዳቶቹ ሁሉ የሚከፋው ሁለቱም ክሮች በአንድ ቦታ ላይ ሲበጠሱ ነው። ያኔ ከሚደርሱት ጠጋኞች አንዱ ራድ51 የሚባል ፕሮቲን ነው። በተበጠሰው ጫፍ ላይ ይደረደርና ያልተጎዳውን ቅጂ ይፈልጋል። ሴሉም የጎደለውን ከዚያ ላይ ይገለብጣል።

ይህን ፕሮቲን በሺዎች ከሚቆጠሩ ሌሎች ፕሮቲኖች መሀል ለይቶ የሚያሳየን ራድ51 አንቲቦዲ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የሰው ራድ51 ወይም ቁራጩ ጥንቸል ወይም አይጥ ውስጥ ይወጋል። እንስሳው ባዕድ ነገር ገባብኝ ብሎ እሱን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አንቲቦዲ፣ ያመርታል። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮለርና ሚልስታይን አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ሳያቋርጡ የሚያመርቱ ሴሎችን ማዘጋጀት ቻሉ። ሥራቸው በ1984 ለኖቤል ሽልማት አበቃቸው።

ላብራቶሪ ውስጥ በብዛት የሚሠራበት መንገድ ዌስተርን ብሎት ነው። የሴሎቹ ፕሮቲኖች ጄል ውስጥ ገብተው በኤሌክትሪክ ይነዳሉ፤ ትንንሾቹ ቀድመው ይወርዳሉ። ከዚያ ወደ ስስ ሽፋን ይዛወራሉ። ሽፋኑ አንቲቦዲው ያለቦታው እንዳይለጠፍ ብዙ ጊዜ በዱቄት ወተት ይዘፈዘፋል። አንቲቦዲው ሲጨመርና ሲታጠብ፣ የመጀመሪያውን የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ ደግሞ ብርሃን የሚያወጣ ኢንዛይም ይዞ ሲመጣ፣ 37 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ አንድ መስመር ብቅ ይላል።

ግን መስመሩ የሚነግረን ፕሮቲኑ መኖሩን ብቻ ነው። ሥራ ላይ መሆኑን ለማየት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ሴሎች በጨረር ተመትተው ጥቂት ሰዓት ከቆዩ በኋላ በአንቲቦዲውና በሚያበራ ቀለም ሲታዩ፣ ኒውክለሱ ውስጥ ትንንሽ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ራድ51 የተሰበሰበባቸው ቦታዎች ናቸው። ብራካ2 የሚባለው አጋዥ ፕሮቲን የተበላሸበት ሴል ላይ ግን ራድ51 እያለ ነጠብጣቡ አይታይም፤ ወደ ቁስሉ የሚያደርሰው የለምና። የጡትና የኦቫሪ ካንሰር ተመራማሪዎች ይህን ልዩነት በጣም ይፈልጉታል። እንደ ኦላፓሪብ ያሉ መድኃኒቶች የሚበረቱት ይህ ጥገና በተጓደለባቸው ዕጢዎች ላይ ነውና።

አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ነጠብጣቡ የሚወጣው ሴሉ ዲኤንኤውን በሚቀዳበትና ከቀዳ በኋላ ባለው ጊዜ ነው። ሴሎቹ የማይከፋፈሉ ከሆነ አለመታየቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

በእኔ እምነት ትልቁ ጥያቄ አንቲቦዲው የያዘው በእርግጥ ራድ51ን ነው ወይ የሚለው ነው። ዲኤምሲ1 የሚባል በጣም የሚመስለው ዘመድ አለው፤ እሱ የወንድ ዘርና እንቁላል በሚፈጠሩበት ጊዜ የሚሠራ ነው። ታዲያ የሌላውን ፕሮቲን መስመር ራድ51 ብሎ የጻፈ ሰው ወራት የፈጀ ሥራውን በተሳሳተ መሠረት ላይ ይገነባል።

ብዙ ፕሮቲኖች ላይ ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ጂኑን ከሴሉ አውጥተው መስመሩ መጥፋቱን ያያሉ። ራድ51 ላይ ግን ይህ አያዋጣም፤ ጂኑ ሙሉ በሙሉ የጠፋበት ሴል መባዛት አቅቶት ይሞታል። ስለዚህ ሲአርኤንኤ (siRNA) በሚባል አጭር ሞለኪውል የፕሮቲኑን ምርት ለጥቂት ቀናት ይቀንሱታል። የ37ቱ መስመር ከደበዘዘ አንቲቦዲው ይታመናል። ሌሎች መስመሮች እንዳሉ ከቀሩ፣ እነሱ ራድ51 አይደሉም። አንቲቦዲ ስትገዙ ሻጩን ይህንን ምስል አሳየኝ በሉት። ዕቃው ላይ «ለምርምር ብቻ» ተብሎ ከተጻፈም ውጤቱ ለታካሚ ሕክምና መወሰኛ አይሆንም።